«የነርቭ ነው» ብዬ ስለላክሁልዎት ፍሬ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት፣ እናታችን ካለፈች ወዲህ እንደ እናት ሆነው ላሳደጉኝ እህቴ፣ ለእትዬ በለጥሻቸው፤ ቦንጋ።

እንደምን ከርመዋል? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ያ ደረቅ ሳልዎ እንዴት ነው? ሶፊና ልጆቿ፣ ጓሮው፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? ፍልሰታንስ በደኅና ያዙት? እኔ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል እንደ ልማዴ ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ ዛሬ እውነቴን ነው። እስቲ ሶፊ ይህን ጽሑፍ ለፋሲካ ከጻፍኩልዎት ጋር ታስተያየው። ያኛው ከላይ ሲጀምር ፊደሉ ባቄላ ያህላል፤ ከታች ሲደርስ ጤፍ ሆኗል። «አጎቴ ወረቀት ይቆጥባል እንዴ» ብላ መሳቋን ሰምቻለሁ። ወረቀት ቆጥቤ አልነበረም። እጄ ነው ሳላውቀው እያነሰ የከረመው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ መሐል ላይ እንቅልፍ ቢወስድዎት እንኳ ይህ እንዳያመልጥዎት። በሰኔ መጀመሪያ በሾፌሩ በቶላ እጅ የላክሁልዎት፣ ማታ ማታ ግማሽ ግማሽ የሚውጡት ነጭ ፍሬ ለእርስዎ የሚሆን መድኃኒት አይደለም። እግርዎን ያሰረው፣ ፊትዎን ያደነዘዘው፣ ምራቅዎን የሚያዝረበርበው ሌላ ሕመም ሳይሆን እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው የደረሰዎት ዕለት ማታ እንዳይውጡት። በማግስቱ ጠዋት የቀረውን ከነእሽጉ ይዘው ከሶፊ ጋር ሆስፒታል ይሂዱ። ይህን በስልክም ነግሬዎት ነበር። እርስዎ ግን «ስታመሰግነው ከርመህ ዛሬ አይንኩት ትለኛለህ። በስልክ ትጣደፋለህ። ቁጭ ብለህ ምክንያቱን ጻፍልኝ፤ ካሳመንከኝ እተዋለሁ፤ ካላሳመንከኝ ጨምረህ ላክልኝ፤ እንቅልፍ ሰጥቶኛል» አሉኝ። ልክ ነዎት። ይኸው ቁጭ ብያለሁ።

ኤልሳቤት ካረፈች አራት ዓመት ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ላይ ነው ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው። ሥራ ስይዝ ይተወኛል፤ ጉልበቴ ላይ ሳሳርፈው ግን አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ እሸት እንደሚያሽ ሰው ይተሻሻሉ ነበር። ሐዘን ነው አልኩ። ትዳሩን ያጣ ሰው እጁም ይባባል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በርበሬ ሲወቀጥ አጠገቡ ቆሜ አፍንጫዬ ምንም አይለኝም ነበር፤ እሱንም ጉንፋን ነው አልኩ። ኤልሳቤት ብትኖር በሳምንቱ ታውቅብኝ ነበር። ፊቴ እየደረቀ፣ ሳቄ እየጠፋ መሄዱን የሚነግረኝ ሰው በቤቴ አልነበረም፤ መስታወት ደግሞ የሚያሳይዎት ያንኑ የለመዱትን ነው።

ሥራዬን ያውቁታል፤ ያው ሚዛን ጥገና ነው። የአትክልት ተራ ነጋዴዎች ሚዛናቸው ሲዋሽ ወደ እኔ ያመጡታል። አንድ ቀን ምንይሉ የሚባል የሽንኩርት ነጋዴ ቆሞ ሲጠብቀኝ፣ እኔ ክንዴን ሚዛኑ ላይ አሳርፌ ከእሱ ጋር አወራ ነበር። ዓይኑን መርፌው ላይ ተክሎ ቆየና፣ «ጋሼ ማሙሸት፣ የሚንቀጠቀጠው ሚዛኑ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። አብረን ሳቅን። እሱ ሲሄድ ግን እጄን ኪሴ ከተትኩት፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ሰው ፊት አላወጣውም አልኩ።

ከጎኔ ጆንያ የሚሸጠውን ጠይብን ያስታውሱታል። ያ የወሎ ሰው፣ ለኤልሳቤት ለቅሶ ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ከእኔ ጋር የተቀመጠው። እጄን ከኪሴ ያስወጣኝ እሱ ነው። አየውና፣ «ይህማ ነርቭ ነው። ጠሂራም በነርቭ ታማ በዚህ ነው የዳነችው» ብሎ ከቤቱ የተረፈ መድኃኒት አመጣልኝ። ጠሂራ ሚስቱ ናት። እኛ ዘንድ መቼም ሁሉም ነርቭ ነው። ወገቡን ለሚወጋው ነርቭ፣ ቶሎ ለሚቆጣው ነርቭ፣ እግሩ ለሚደነዝዘው ነርቭ፣ ከእንቅልፉ ለሚባንነው ነርቭ። ስሙ አንድ ከሆነ መድኃኒቱም አንድ ነው አልኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ሕፃን ተኛሁ። እንዲያ ተኝቼ አላውቅም ነበር። ሶፊ ደግሞ የእርስዎም እጅ ብርጭቆ ሲያነሡ እየተንቀጠቀጠ ማስቸገሩን ነግራኝ ነበርና፣ ብቻዬን አልድንም ብዬ ግማሹን ከፍዬ ላክሁልዎት። በዚህ ዓመት ከሠራሁት ሁሉ ጽድቅ የመሰለኝ ይህ ነበር።

ወር ሳይሞላ ሰውነቴ እንጨት ሆነ። ከወንበር ለመነሣት ሁለቴ ሦስቴ መወዛወዝ፣ ለመዞር ደግሞ እንደ ከባድ መኪና ሰፊ ቦታ መፈለግ ጀመርኩ። አንድ እሑድ በራጉኤል ቅዳሴ ላይ ለስግደት ወረድኩና መነሣት አቃተኝ። ከኋላዬ የነበሩ ሰዎች ብብቴን ይዘው አነሡኝ። እርስዎ ያሳደጉኝ ሰው ነዎትና ምን እንዳሰብኩ መገመት አያቅትዎትም። ቅጣት ነው አልኩ። ያን ቀን ሙሉ ኃጢአቴን ስዘረዝር ዋልኩ፤ ፍሬዋን ግን አልጠረጠርኳትም። ማታም አንድ ጨምሬ ዋጥኩ።

ሐምሌ 14 ቀን ጠይብ ራሱ ጎትቶ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ዶክተር ማዕረግ ትባላለች፤ የሶፊ እኩያ ብትሆን ነው። ጣቴን አስነካካችኝ፣ አስኬደችኝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ እንድጽፍ አዘዘችኝና ፊደሌ ሲያንስ አየች። ምን መድኃኒት እንደምወስድ ስትጠይቀኝ እሽጉን ከኪሴ በኩራት አወጣሁ። አገላብጣ አየችውና ማን እንዳዘዘልኝ ጠየቀችኝ። ጎረቤቴ አልኳት። ጎረቤትዎ ሐኪም ነው ወይ አለችኝ። የጆንያ ነጋዴ ነው አልኳት። ጠይብ አጠገቤ ተቀምጦ የገዛ ጫማውን አዲስ ዕቃ ይመስል ያጠናው ጀመር።

አልተቆጣችንም። «ሥራዎ የት ነው?» አለችኝ። መርካቶ ስላት፣ «እንግዲያው አይቸገሩም። ሚስማር ሲፈልጉ የት ይሄዳሉ?» ሚስማር ተራ አልኳት። «ሽንኩርትስ?» አትክልት ተራ። «ሽንኩርት ፈልገው ሚስማር ተራ ቢገቡስ?» ይስቁብኛል አልኳት። «የሆነው እሱ ነው» አለችኝ። እትዬ፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ሶፊ ቀስ ብላ ታንብብልዎት፤ እኔም የገባኝ በሁለተኛው ቀጠሮ ነው።

በአንጎላችንና በሰውነታችን ውስጥ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ብዛታቸው ለመስማት ያስፈራል፤ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ደግሞም አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው አይነካኩም። በመካከላቸው በዓይን የማይታይ ክፍተት አለ። አንዱ ለሌላው መልእክት ሲያደርስ የሚያቀብለው ንጥረ ቅመም ነው። ቅመሙ በጥቃቅን ከረጢት ታሽጎ ይቆይና ጊዜው ሲደርስ ወደ ክፍተቱ ይፈስሳል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሕዋስ ለዚያ ቅመም የተሠራ በር አለው፤ በበሩ ይቀበላል። የተረፈው ተጠርጎ ይነሣል። እንግዲህ የሕዋሳቱ ወገን ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ የሚያቀብሉት ቅመም ነው፤ እኛ ተራውን በዕቃው እንደምንጠራው። «ተነሥ» የሚል ቅመም የሚያቀብሉ አሉ፤ «እረፍ» የሚል የሚያቀብሉም አሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ሰው ሰላም የለውም። ጡንቻችንን የሚያዙት ነርቮች የራሳቸው ቅመም አላቸው። እንቅልፍንና የልብን ደስታ ከሚገሩት መካከልም ሌላ ቅመም የያዙ አሉ። ሁሉም ነርቭ ናቸው፤ ሁሉም ግን የየራሳቸው ተራ ናቸው።

እኔም ከነጋዴ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም አላልኳትም። አትክልት ተራ እኮ ሽንኩርት ብቻ አይሸጥም፣ ዝንጅብልም ቃሪያም አለ አልኳት። ሳቀችና፣ «ልክ ነዎት፤ ሁለት ዓይነት ቅመም የሚያቀብሉ ሕዋሳትም ተገኝተዋል» አለችኝ። ደግሞም ያው አንዱ ቅመም አንዱ በር ላይ ሲደርስ ያነቃቃል፣ ሌላው በር ላይ ሲደርስ ያረጋጋል፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ተቀባዩ በር ነው አለች። ይህ ወዲያው ገባኝ። ጠይብ በየጠዋቱ «አንተ ሌባ፣ አደርክ?» ይለኛል፤ ሰላምታ ነው። ሌላ ሰው እንዲያ ቢለኝ ፖሊስ ያስጠራል።

የእኔን ሕመም ፓርኪንሰን ይሉታል። የጎደለኝ ዶፓሚን የሚባለው ቅመም ነው። እሱን ከሚያቀብሉት ሕዋሳት ብዙዎቹ በአንጎል ታችኛው በኩል፣ በጥቁርነቱ በሚታወቅ ትንሽ ሰፈር ውስጥ ናቸው፤ ሰውነት ያሰበውን እንዲጀምርና እንዲያቀላጥፍ የሚያግዙ ናቸው። የእኔ ሰፈር ሱቆቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ኖረዋል። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙዎቹ ተዘግተው ነበር። ለምን እንደተዘጉ ጠየቅኋት፤ ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ አልታወቀም አለችኝ። አለማወቋን ስላልደበቀችኝ የቀረውንም አመንኳት። የጠይብ ፍሬ ደግሞ ሥራው የዶፓሚንን በሮች መዝጋት ነው። እኔ ዘንድ ሱቁ ተዘግቶ፣ የቀረችው ጥቂት ዕቃ ደግሞ ማዶ ስትደርስ በሩ ተቆልፎ ጠበቃት። እንጨት የሆንኩት ለዚህ ነው።

ጠሂራን ለምን አዳናት ይሉኛል። እኔም ብያለሁ። ጠሂራ የመጨረሻ ልጇን ከወለደች በኋላ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማት ነበር፤ ስድብና ዛቻ። እሷ ዘንድ በአንደኛው የአንጎል መንደር የዶፓሚን መልእክት ከልክ በላይ ሆኖ ነበር፤ በሩ ገርበብ ሲል አረፈች። ያው ፍሬ እሷን ወደ ልጇ መለሳት፤ እኔን መሬት ላይ አስቀረኝ። ይህን ለእርስዎ ልጽፍ ስል ፈቃዷን ጠየቅኋት፤ የሰው ገመና ነውና። «ይጻፉላት ጋሼ። እኛ አፍረን ነርቭ ስላልነው ነው ይህ ሁሉ የመጣው። የአእምሮ ሕመም ነው ብንል ኖሮ እርስዎም ባልዋጡት» አለችኝ። ጠይብም፣ «እኔስ ብሆን ለማስታመም እንጂ ዶክተር ለመሆን ነው እንዴ የሰጠሁህ?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ዓይኑ ግን ቀልድ አልነበረበትም። አላኮረፍኩትም። እሱ ለእኔ ያደረገውን እኔ ለእርስዎ አድርጌዋለሁና ምን አፍ አለኝ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። እኔ ፍሬውን ያቆምኩት ሐምሌ 14 ቀን ነው። ለእርስዎ የደወልኩት ነሐሴ 2 ቀን ነው። በመካከሉ አሥራ ስምንት ቀን አለ። ዶክተሯ በመጀመሪያው ቀን፣ ለሌላ ሰው ሰጥተው እንደሆነ ዛሬውኑ ይንገሩ ብላኝ ነበር። አልሰጠሁም አልኳት። ጠይብ ፊት ማፈሬ ነው፤ እርስዎ ፊት ማፈሬ ነው፤ «ማሙሸት አዋቂ ሆኗል» ማለትዎ እንዳይቀርብኝ ነው። ዛሬ ነገ እያልኩ እርስዎ በየማታው ዋጡ። አባ ገብረ ኢየሱስ ዘንድ ለንስሐ ስቀርብ ይህን ተናገርኩ። አባ አይጮኹም፤ ያውቋቸዋል። «የሰው ሚዛን ስታቃና ትውላለህ፤ ለእህትህ ግን ሳትመዝን ሰጠህ። ይህ የችኮላ ነው፤ ይቅር ይባላል። አውቀህ ዝም ያልከውን ግን ለእኔ ብቻ ነግረህ አትገላገልም፤ ለእሷም ንገራት» አሉኝ። ነገርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።

እኔ አሁን የራሴ መድኃኒት ታዞልኛል። ዶፓሚን እንዳለ ቢዋጥ የአንጎልን ኬላ አያልፍም፤ ስለዚህ የሚሰጡኝ ጥሬ ዕቃውን ነው፤ ውስጥ ከገባ በኋላ ይሠራል። ከምግብ በፊት ነው የምውጠው፤ ሥጋና ወተት በዚያው ኬላ ይጋፉታል። ፍልሰታ ነው፣ ሥጋ የት አለ ብላት፣ ሽሮም ይጋፋል አለችኝ። የተዘጉትን ሱቆች አይከፍታቸውም፤ አትድንም ተብያለሁ፤ ይህንንም አልደብቅዎትም። ግን ያ የጠይብ ፍሬ ከሰውነቴ ሲወጣና ይህ ሲገባ፣ ትናንት በቅዳሴ ሰግጄ ራሴ ተነሣሁ። ምንይሉም እጄን አምኖ ሚዛኑን ይዞ ተመልሷል።

በስልኩ መጨረሻ ላይ፣ «እንግዲያው አንተን ያዳነህን ላክልኝ» ብለውኝ ነበር። እትዬ፣ እውነት ልንገርዎት፤ ቅዳሜ ዕለት ከራሴ ላይ ቀንሼ ጠቅልዬ፣ ስምዎን ጽፌበት ነበር። ለቶላ ልሰጠው ስል ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ ያየሁት። ያንኑ ጥፋት በሌላ ፍሬ ልደግመው ነበር። የእኔ እጅ የሚንቀጠቀጠው ሲያርፍ ነው፤ የእርስዎ ሶፊ እንደምትለው ብርጭቆ ሲያነሡ ነው። ዶክተሯ ይህን ስነግራት፣ የሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል፤ ሳላያቸው አልናገርም አለች። ሐኪሟ ሳታይ ያልተናገረችውን እኔ ከዚህ ሆኜ አልናገርም። አልልክም። ጥቅሉን ፈትቼ መልሻለሁ።

ስለዚህ ቶላ የሚያመጣልዎት ይህን ወረቀት ብቻ ነው። ረቡዕ ይደርሳል። ሐሙስ ጠዋት ከሶፊ ጋር ይሂዱ፤ እኔን አይጠብቁኝ። እኔ ፍልሰታ እንደተፈታ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ እነሣለሁ። ሐኪሞቹ እዚያው ከረዱዎት አብሬዎት ሰንብቼ እመለሳለሁ፤ ወደ አዲስ አበባ ውሰዳቸው ካሉኝም ይዤዎት እመጣለሁ፤ የኤልሳቤት አልጋ ተነጥፏል።

ለልጄ ለሶፊ፣ እናትሽን ስላልተውሽ እግዚአብሔር አይተውሽ በሏት። ለባለቤቷ ለዘውገ ጤና ይስጥልኝ፤ ሐሙስ ዕለት ከብቱን ለእሱ ይተዉለት። ለልጆቹ፣ ለትልቁም ለትንሿም፣ ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ጸበል የሚያመጡልዎትን ጎረቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ ጸበሉንም አይተዉ፤ አባ ጸበሉም ሕክምናውም የአንድ ጌታ ነው ብለዋል። ጠይብ እጅ ነሥቷል፤ ጠሂራም በጣም ሰላም ብላለች።

አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ። ልጅ ሳለሁ ያባታችንን እንስራ የሰበርኩ ዕለት «እኔ ነኝ» ብለው የተገረፉልኝ እርስዎ ነዎት። አሁንም ሐኪሙ ፍሬውን አይቶ ከየት አመጡት ሲልዎት፣ እኔን ለመሸፈን «ከገበያ ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ። እንዳይሉ። ማን እንደላከው፣ መቼ እንደላከው፣ ስንት ቀን ዝም እንዳለም ይንገሩት፤ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ አይረዳዎትም። ስሜን ይጥሩት፤ ወንድሜ ማሙሸት ነው ይበሉ።

ታናሽ ወንድምዎ ማሙሸት

መርካቶ፣ ራጉኤል አጠገብ፣ አዲስ አበባ
ሰኞ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.